ዐሥራ አራት ቀን በአንድ ጠዋት

ዐሥራ አራቱን ቀን በአንድ ጠዋት ጻፈቻቸው። በስፌት መኪናዋ ላይ የተዘረጋውን የተማሪ ሸሚዝ ገፋ አድርጋ የወንድሟን ቀናት እንድትመዘግብበት ከሐኪም ቤት የተሰጣትን ወረቀት ዘረጋችና ሦስት እስክሪቢቶ ደረደረች፤ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ ደግሞ ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰ። ሁሉም ቀን በአንድ እስክሪቢቶ ቢሞላ ያስታውቃል ብላ ነው። ሰኞን በሰማያዊ፣ ማክሰኞን በጥቁር፣ ረቡዕን በደከመው እስክሪቢቶ እየተጫነች ራይት ራይት አደረገች። «አልጋውን አነጠፈ» ራይት። «ፊቱን ታጠበ» ራይት። «ከቤት ወጥቶ ተመለሰ» ራይት። «ለአንድ ሰው ሰላምታ ሰጠ» ራይት። እውነት እንዲመስል ሁለቱ እሑዶች ላይ አንዳንድ ባዶ ቦታ ተወች፤ እሑድ ማንም ይሰንፋል። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆም አለ። «ያስደሰተው ነገር ምንድን ነው? ከዐሥር ስንት ይሰጠዋል?» ይላል። ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «ሙዚቃ ሰማ» ብላ ጻፈችና ሰባት ሰጠችው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሬዲዮ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል።

ወረቀቱን አጥፋ ቀና ስትል ወንድሟ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው በር ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላወቀችም። ሲመጣም ሲሄድም ድምፅ የለውም፤ ደጃፉ ላይ ከቆመ ደግሞ ሰዓት ሙሉ ስለማይነቃነቅ የሰፈሩ ልጆች «ሐውልት» ይሉታል። እሷም አንድ ሁለቴ ስቃለች። አይቶኝ ይሆን ብላ ፊቱን መረመረችው፤ ፊቱ ግን እንደተዘጋ ሱቅ ነው፣ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም። ያቺን ቡናማ ጃኬት ከለበሰ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። የትራሱ ስፌት ጉንጩ ላይ ታትሟል። «በል እንሂድ፣ ይረፍድብናል» አለችው። ጫማውን ፈልጋ አመጣችና እግሩ ሥር አስቀመጠችለት፤ ጎንበስ ብላም ማሰሪያውን አሰረችለት። እሱ እስኪያስር ቢጠበቅማ አውቶቡሱ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ያመልጣል።

አውቶቡሱ ውስጥ እሱ በመስኮት በኩል ተቀመጠ፤ እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ የዛሬ ሁለት ሳምንት የተነገራትን ታስታውሳለች። የባህርይ ሕክምና ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ዶክተር አይደለሁም ብትልም የሚሰማት የለም፣ ሁሉም ዶክተር ይላታል። «ይሰማው የነበረውን ድምፅ ክኒኑ ዝም አሰኝቶታል» ብላ ነበር። «ክኒኑ ግን ፍላጎትን መልሶ አያመጣም። ወንድምዎ ሰነፍ አይደለም። መነሣት፣ መታጠብ፣ ማውራት፣ ለሌላው እንዲሁ የሚመጣው ነገር እሱን እንደ ዳገት ይከብደዋል። በትንሽ በትንሹ እየሠራ ነው የሚለምደው። አይሥሩለት፣ አይቆጡት፤ አጠገቡ ሆነው ይጠብቁት።» ሲነገር ቀላል ነበር። በማግሥቱ ጠዋት «ብርድ ልብሱን እጠፈው» አለችውና አጠገቡ ቆመች። አንዱን ጫፍ ይዞ ቆመ። እሷም ቆመች። በዚያኛው ክፍል ገና ኮሌታ ያልገባላቸው አርባ አምስት የተማሪ ሸሚዞች ተከምረዋል፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሁለት ጊዜ ደውሎባታል። ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሆን ወንድሟ ሁለተኛውን ጫፍ አገኘና ከመጀመሪያው ጋር ሊያገጥመው እጁን አነሣ። ያኔ ነው ትዕግሥቷ ያለቀው። «ስጠኝ እባክህ!» ብላ ከእጁ መንጭቃ በአንድ ትንፋሽ አጠፈችው። በሁለተኛው ቀን ዐሥር ደቂቃ ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ረሳችው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ነገ፣ ነገ እየተባለ ከመቀስ ሥር ተኛ።

የሕክምናው ክፍል በሐኪም ቤቱ ጀርባ፣ አንሶላ ከሚታጠብበት ግቢ ፊት ለፊት ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፤ አምስት ታማሚዎች፣ ከየጎናቸው አምስት ዘመዶች። ሁሉም ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ የሌላውን በጎን ያያል፣ ልክ ፈተና ተመልሶለት የጎረቤቱን ውጤት እንደሚሰርቅ ተማሪ። ከወንድሟ ቀጥሎ አንዲት ሹራብ የለበሰች ወጣት ተቀምጣለች፤ እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ስባ ይዛዋለች። እናትየዋ አትክልት ቸርቻሪ ናቸው፤ ከጥፍራቸው ሥር የድንች አፈር አልወጣም፤ ወረቀታቸውን ከነላስቲኩ በሁለት እጅ ይዘውታል። ባለሙያዋ ሁልጊዜ በልምምድ ነው የምትጀምረው። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሰላም ይላል፣ ዓይን ያያል፣ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ሌላው መልሶ ይጠይቃል። ተራው ለወንድሟና ለልጅቷ ደረሳቸው።

«ሰላም» አለች ልጅቷ፣ ለራሷ ጉልበት።

«ሰላም።»

«ቁርስ በላህ?»

«አዎ።»

ከዚያ የእሱ ተራ ነው። ውጪ የሚጨመቅ አንሶላ ውኃ መሬት ላይ ሲወርድ ይሰማል። የእህትየዋ የእግር ጣቶች ጫማዋ ውስጥ ተጨማደዱ፤ በአፏ ሙሉ የመጣውን «አንቺስ በለኛ!» በግድ ዋጠችው። ባለሙያዋ ምንም አልረዳችውም፤ ጠበቀች፣ ሁሉም ጠበቀ። በመጨረሻ «አንቺስ?» አለ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና «በላሁ» አለች። ይኸው ነው። ግን ባለሙያዋ «ጎበዞች!» ስትል እናትየዋ እጃቸውን ሊያጨበጭቡ አንሥተው ማንም እንደማያጨበጭብ ሲያዩ መልሰው አወረዱት።

ቀጥሎ ወረቀት መሰብሰብ ሆነ። ባለሙያዋ አንድ በአንድ እያየች «እሺ»፣ «ጥሩ ነው»፣ «ይሄ ከብዷት ነው፣ እናቀለዋለን» ትላለች። የእህትየዋን ወረቀት ስትገልጠው ግን ቆመች። ገጹን ገልብጣ አየችና ፊቷ በራ። «ይቅርታ፣ ይሄን ለሁላችሁም ላሳይ» ብላ ከፍ አድርጋ ያዘችው። በክቡ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ እሷ ዞረ። «አልጋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዐሥራ ሁለት ቀን። ከቤት መውጣት ዐሥራ ሦስት ቀን። ደግሞ እዩ፣ የሚያስደስተው ነገር አግኝቷል፤ ሙዚቃ! ሰባት! ይሄ ብቻውን የመጣ አይደለም፣ ከኋላው የታገለ ሰው አለ። እህትየዋን ማመስገን አለብን።» አሁን ሰዎቹ አጨበጨቡ። እህትየዋ አቀረቀረች፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው። ክፋቱ ደግሞ ከእፍረቷ ጋር አንድ ሞቅ ያለ ነገር ደረቷን ሲያልፍ መሰማቱ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ስታበላ፣ ስታጥብ፣ ክኒን ስታስውጥ «ጎበዝ» ያላት አልነበረም። ፈገግ ማለቷን ያወቀችው ፊቷ ከሳቀ በኋላ ነው።

እናትየዋ ወደሷ ዘንበል አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምሥጢር እንደሚለምን ሰው፣ «ልጄ፣ እስቲ እንዴት አድርገሽ እንደሆነ ንገሪኝ» አሏት። «እኔ ማንበብም አልችል፣ ጎረቤቴ ናት የምታነብልኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለፋ ሦስት ናት ያገኘሁት። ሁለቴ ፊቷን ታጠበች፣ አንዴ እስከ በር ሄደች። በቃ ሦስት። አንቺ ምን ብለሽው ነው?»

እዚህ ላይ «እማማ፣ ውሸት ነው» ማለት ይቻል ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። ዓይኗን በጨው ታጥባ «ትዕግሥት ነው፣ እማማ» አለቻቸው።

እናትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትሽን ነው። እኔ ነኝ ትዕግሥት ያነሰኝ።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ሸሚዞቿ ትመለስ ነበር። ባለሙያዋ ግን ለመጨረሻ ያስቀመጠችው ወሬ ነበራት። አንድ ማተሚያ ቤት በጥራዝ ክፍሉ ለአንድ ሰው ቦታ ሊሰጥ ተስማምቷል፤ በየጠዋቱ ለሦስት ሰዓት ያህል ገብቶ የታተሙ ገጾችን በተራ መደርደር ነው፤ መጠነኛ ክፍያም አለው። ቦታው አንድ ብቻ ስለሆነ በራሱ ተነሥቶ መውጣት ለጀመረ ሰው ቢሰጥ ይሻላል። «በወረቀቱ መሠረት» አለችና ወደ ወንድሟ ዞረች፣ «አንተን አስቤያለሁ።» ሹራብ የለበሰችው ልጅ እጅጌዋን ለቀቀችው። ጣቶቿ ወጡ፤ ጥፍሮቿ ንጹሕ፣ አጠር ተደርገው የተቆረጡ ናቸው። እናቷ ናቸው ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን፣ «መጽሐፍ ትወድ ነበር» ያሉት። ባለሙያዋ «ደስ አለህ?» ስትለው ወንድሟ መሬት መሬት አየ፤ እሷም ልማዱ ነው ብላ አለፈችው።

ሲበተኑ ሁሉም ወጣ። እህትየዋ ወንድሟን ከኮሪደሩ መጨረሻ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ቆመች። ከግድግዳው ወዲያ የሴቶች መታጠቢያ ቤት ነው፤ በላይ በኩል ያለው ትንሽ መስኮት መስታወት ስለሌለው ውስጥ የሚወራው ሁሉ ይሰማል። መጀመሪያ የቧንቧ ውኃ ሰማች፤ ውኃው ሲዘጋ ደግሞ የእናትየዋን ድምፅ። «ከሱ በምን ታንሻለሽ? እ? እሱ ተነሥቶ አልጋ ያነጥፋል፣ ወጥቶ ይገባል። አንቺ ነሽ ሆን ብለሽ የምታቃጥይኝ። አልፈልግም ብለሽ ነው! ይኸው አመለጠሽ፣ ይኸው!» ከዚያ ልጅቷ «እማዬ፣ ስትቆነጥጪኝ ያማል» አለች። ድምፅዋ ለቅሶ የለበትም፤ የሚያማትን ነገር መናገሯ ብቻ ነበር። ውኃው እንደገና ተከፈተ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እግሯ ግን አልተነቃነቀም። እሷ ያልነካችውን ክንድ በሷ ወረቀት ምክንያት ሲቆነጥጡት እየሰማች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወደ ወንድሟ ላለማየት ብትታገልም ዓይኗ ሄደ። እሱ ወደ ትንሿ መስኮት ቀና ብሎ ያያል። ከንፈሩ ተላቀቀ፤ ቃሉ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ነርሶች በፊታቸው አልፈው ሄዱ።

«እታለም» አላት። በስሟ ሳይሆን በዚህ በልጅነት አጠራሩ ከጠራት ብዙ ጊዜ ሆኖታል። «እሷ ፊቷን ታጥባለች። እኔ አልታጠብኩም።»

ባለሙያዋን ያገኘቻት ወረቀቶቹን በፋይል ስታስገባ ነው። በሩን ከኋላዋ ልትዘጋው ፈልጋ ነበር፣ ወንድሟ ግን ተከትሏት ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ስትመጣ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፣ ስለ ርእሰ መምህሩ፣ ስለ አርባ አምስቱ ሸሚዝ፣ ብቻዋን ስለመሆኗ። ከዚያ ሁሉ የወጣው «እኔ ነኝ የሞላሁት። ዛሬ ጠዋት» የሚል ብቻ ነው። ባለሙያዋ ቶሎ አልገባትም። ወረቀቱን አወጣችና በመስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ የደከመው። የቀለሙን ተራ በጣቷ ስትከተል የእህትየዋ ፊት እንደ እሳት ነደደ፤ ከመዋሸቷ ይልቅ ለውሸቱ ያደረገችው ጥንቃቄ ነው ያሳፈራት።

«ሙዚቃውስ?» አለች ባለሙያዋ።

«እሱም እኔ ነኝ።»

ባለሙያዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ባዶ ቢያመጡልኝ ኖሮ አልቆጣም» አለች ቀስ ብላ። «ባዶ ወረቀት ይነግረኛል። ሥራው ከብዷል፣ እናሳንሰው ይለኛል። እርስዎም ደክመዋል፣ ሌላ ዘዴ እንፈልግ ይለኛል። ይሄ ግን የሌለ ሰው ነው ያሳየኝ። ይሄን የሌለ ሰው አምኜ ወንድምዎን ሰኞ ማተሚያ ቤት ልልከው ነበር። እዚያ ሄዶ ሲያቅተው ያየሁ ዕለት ሰነፍ ነው ብዬ እኔም አምን ነበር።» ከዚያ እሷን ተወችና በሩ ላይ ወዳለው ሰው ዞረች። «አንተን ልጠይቅህ። በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ትንሽም ብትሆን ደስ ያለህ ነገር ነበር? አትቸኩል፣ እጠብቃለሁ።»

ጠበቁ። እህትየዋ መልስ ልትሰጥለት ስትል ባለሙያዋ በእጇ ከለከለቻት። የግድግዳው ሰዓት ሲሄድ ይሰማል።

«መኪናውን እሰማለሁ» አለ።

«የምን መኪና?»

«የስፌት። እሷ ስትሰፋ። በግድግዳው።»

«ስንት ትሰጠዋለህ?»

አሰበ። የምር አሰበ፤ ግንባሩ ሲጨማደድ ይታያል። «አራት።»

ባለሙያዋ በአዲስ ወረቀት ላይ አራት ብላ ጻፈች። እህትየዋ በየቀኑ ከግድግዳው ማዶ እንደ ዕቃ ተቀምጧል ብላ ስታስበው የኖረችውን ሰው አየችው። እሷ ሰባት ብላ የሰጠችው ደስታ ሐሰት ነበር፤ የራሱ አራት እዚያው አጠገቧ ነበረች፤ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ባለሙያዋ የማተሚያ ቤቱን ቦታ ለልጅቷ እንደምታዛውር፣ ለሱም ከአንድ ነገር፣ ከብርድ ልብሱ ብቻ፣ እንደገና እንደሚጀምሩ ነገረቻት። ስትወጣ ግን አስቆመቻት። «ቦታውን እኔ አስተካክላለሁ። ለእናትየዋ የነገሯቸውን ግን እኔ ማስተካከል አልችልም።»

እናትና ልጅ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ነበሩ። ባለሙያዋ ደውላ ነግራቸው ኖሮ እናትየዋ ሲያዩዋት ፊታቸው በደስታ ወከክ አለ። «ሰማሽ ልጄ? ለሷ ሰጧት! ወንድምሽ ትቶላት ነው አሉኝ፤ እግዜር ይስጠው!» ባለሙያዋ ያን ያህል ብቻ ነው የነገረቻቸው። ሰዎች በዙሪያቸው ቆመዋል፣ አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ አንዷ ልጅ ታባብላለች። ይህንንም ውሸት እንደ ስጦታ ተቀብሎ መሄድ ይቻል ነበር፤ ማንም አያውቅባትም። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እማማ፣ ትቶላት አይደለም። ወረቀቱ ውሸት ነበር። እሱ ምንም አልሠራም፤ ምንም እንዲሠራም አልጠበቅኩትም። ትዕግሥት ነው ያልኩዎትም ውሸት ነው። የእርስዎ ሦስት እውነት ናት።»

ጋዜጣ የሚያነበው ሰው ገጽ መግለጡን ተወ። እናትየዋ መጀመሪያ የተቀለደባቸው መስሏቸው ፈገግታቸውን አላጠፉትም፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ወንድሟን አዩ። ስድብ ጠበቀች፤ ስድቡን ፈልጋውም ነበር።

«ልጄን ቆነጠጥኳት» አሉ እናትየዋ። «በሱ ምክንያት ልጄን ቆነጠጥኳት።»

«ሰምቻለሁ፣ እማማ።»

ይህን ባትል ይሻል ነበር። እናትየዋ «ሰምተሽ?» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። ይቅርታ ሊሏት እንደፈለጉ ያስታውቃሉ፤ እናት ለልጅ ይቅርታ የምትለው እንዴት እንደሆነ ግን የሚያውቁ አይመስሉም፤ የሹራቧን ቁልፍ ፈተው መልሰው ቆለፉላት፣ ከዚያ ያንኑ ክንድ በመዳፋቸው ላይ ታች አሹት። ልጅቷ ክንዷን አልነጠቀቻቸውም። አውቶቡሳቸው ሲመጣ ተደጋግፈው ወጡ። እናትየዋ ደኅና ዋይ አላሉም፤ በመስኮቱም ዞር ብለው አላዩም።

እህትና ወንድም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የቆመው ሰው ሁሉ ወሬውን ሰምቷል፤ ላለማየት የሚያደርገው ጥረት ራሱ ያያታል። እሷ ጫማዋን ስታይ ቆይታ ድንገት፣ የተበደለችው እሷ እንደሆነች ሁሉ፣ ቁጣ በመሰለ ድምፅ ጠየቀችው። «ጠዋት ስጽፍ አይተኸኛል አይደል? እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲነበብ ለምን ዝም አልክ? አንድ ቃል ብትል እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር!»

እሱ መንገዱን ያያል። መልስ አይሰጥም ብላ ተስፋ ቆረጠች፤ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፣ አቧራው እስኪሰክን ድረስ ቆየ።

«ሲያመሰግኑሽ» አለ። ቀሪው እስኪመጣ ደግሞ ቆየ። «ደስ ብሎሽ ነበር።»

እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ሰው እያየ አለቀሰች። እሱ አልነካትም፣ አይዞሽም አላላት። አውቶቡሳቸው መጣ፤ በሩ ተከፈተ፣ የቆመው ሰው እየተጋፋ ገባ፣ ረዳቱ «የምትሄዱ ግቡ!» ብሎ ሁለት ጊዜ ጮኸባቸው። ወንድሟ ወደ በሩ አየና መልሶ ወደሷ አየ፤ ከተቀመጠበትም አልተነሣም። አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጨርሳ እስክትነሣ ድረስ አጠገቧ ጠበቃት።